ጣሪያው ብቻውን ሲነሣ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3

ከጠዋት ጀምሮ ቲማቲም ስቀቅል ዋልኩ። ብልቃጦቹ ሞልተው መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። ጣቶቼ አሁንም ቲማቲም ቲማቲም ይሸታሉ።

ከሰዓት በኋላ ሃርላን "ቤቷን እናናፍሳት" አለ። ወደ ሐይቁ የምንወጣበት ጊዜ ሲደርስ ባሌ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ፒክአፑ ጀርባ ላይ የተጫነችውን ትንሽ ቤታችንን ጣሪያዋን ወደ ላይ አንሥተን፣ የሸራ ግድግዳዋን ዘርግተን፣ በጋውን ሙሉ የታመቀውን ሽታ እናስወጣለን።

ሥራው ከጥንት ጀምሮ የተከፋፈለ ነው። እኔ ውጭ ሆኜ መያዣዎቹን እፈታለሁ። እሱ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን በጫንቃው ይገፋል።

"ፈታሽ?"

"ፈታሁ!"

"እንግዲያው ቁሚና እዪ!"

ዛሬም እንደዚያው አለ። ከዚያ ጧ! አለ የሆነ ነገር። ጣሪያው በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ወረደ። ሮጬ ስገባ በትከሻው ደግፎት፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ቆሟል። የኋላው ማንሻ ዘንግ ጫፉ ላይ ተሰብሯል... ጋዝ የታመቀባቸው አራት ዘንጎች ናቸው ክብደቱን የሚያቀሉት፤ አንዱ ሄደ።

"ልቀቀው!" አልኩት።

"ብለቀው የት የሚያርፍ መሰለሽ? ሞራሌ አምጪ!"

የእንጨት ሞራሌውን አምጥቼ ደገፍነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ከነገረን ወዲህ ሁልጊዜም ይንቀጠቀጣል፤ የዛሬው ግን ሌላ ነበር።

"ዘንጉ አርጅቶ ነው" አለ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 4

ትከሻው በልዟል። ሸሚዝ ሲቀይር አየሁት። ማየቴን አየና ጀርባውን ሰጠኝ። እኔም ስለ ቲማቲሙ ማውራት ጀመርኩ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 6

ድዌይን መጣ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤታችን። የሱም ፒክአፕ እንዲህ ያለች ቤት ስለተሸከመ ራሱን መካኒክ አድርጎ ሾሟል።

"ምን አድርገሃት ነው ሽማግሌው? ታገልካት እንዴ?"

"አንተ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ። ወሬውን ቤትህ አውራ።"

"ቤቴማ ማን ያስወራኛል!"

ድዌይን ያልተሰበሩትን ሦስቱን ዘንጎች ፈታ፣ አንድ በአንድ መሬት ላይ አቁሞ በእጁ ተጫናቸው። ያለ ምንም ትግል ገቡ። ገብተውም አልተመለሱም። ድዌይን ፈገግታው ጠፋ።

"ሃርላን፣ እነዚህ እኮ ሞተዋል። ጋዙ ካለቀ ቆይቷል። ታዲያ ጣሪያውን ማን ነበር የሚያነሣው?"

ሃርላን ፊቱን አዞረ። አጥሩን ያይ ነበር።

እሱ ነዋ! ማን ሊሆን ነው? በጋውን ሙሉ፣ ኩባያ ሳያፈስ ከጠረጴዛ የማያነሣው ሰው፣ ያንን ሁሉ ክብደት በጀርባው ያነሣ ነበር። እኔ ደግሞ ውጭ ቆሜ "አቤት ጉልበት!" እያልኩ ስቀልድ። ከውስጥ ሲወጣ ላብ እንዳጠመቀው አይቼ የለ? ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር... ወይስ ማወቅ አልፈለግሁም?

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ለመለዋወጫ ሱቁ ደወልኩ። ሰውየው ትሑት ነው፤ ጥያቄው ግን አያልቅም።

"ጣሪያው ላይ ምን ጭነዋል?"

"የፀሐይ መብራት ሰሌዳ። የዕቃ መጫኛም አለ።"

"የሚያነሣው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። ብቻዬን።"

"እንግዲያው መካከለኛው ይበቃዎታል።"

"የለም፣ ጠንካራውን። ካለህ ሁሉ ጠንካራውን ላክልኝ። አራት።"

"እመቤት፣ ሲበዛም እኮ..."

"ላክልኝ አልኩህ።"

ሕፃን የሚያነሣው ጣሪያ ነው የምፈልገው። ሃርላን ዳግመኛ ትከሻውን እንዳያስጠጋ። ስልኩን ስዘጋ በረንዳው ላይ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር... ሰምቶ ይሆን? ቢሰማስ ምን አለበት?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

ዘንጎቹ ደርሰዋል። ድዌይን ሃርላንን ጭኖ ከተማ ወረደ፤ ጡንቻውን የምታፍታታለት ሴትዮ ጋ ቀጠሮ ነበረው። ሆን ብዬ ነው ይህን ቀን የጠበቅሁት። ላስደንቀው ነበር ሐሳቤ።

ጣሪያውን በየማዕዘኑ በሞራሌ ደገፍኩ። የተሰበረውን ዘንግ የምትይዘውን ቀጭን ሽቦ በካቻቢቴ ስፈለቅቃት ዘልላ ሣር ውስጥ ገባች። በጉልበቴ እየዳሁ አገኘኋት። አዲሱን ቀጭኑን ወገን ወደ ታች አድርጌ ስጫነው፣ ቀጭ! እንዴት ደስ የምትል ድምፅ ናት! አራተኛዋ ቀጭ ስትል ብቻዬን አጨበጨብኩ። ደጅ ላይ ቆሜ፣ እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኖ።

ሲመለሱ ድዌይንን መጀመሪያ ጣሪያውን አስወረድኩት። ድዌይን ሆዱ ብቻ የአንድ ሰው ክብደት አለው። ማውረጃውን ጠፍር ይዞ ቢጎትት እንቢ አለ። በመጨረሻ ተንጠለጠለበት፣ ያኔ ወረደ።

"ጠንከር አላለችም ሎርና?"

"አንተ ደግሞ! ደክመህ ነው" አልኩት። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

"ሃርላን፣ ግባ! ግባና እይ!"

ገባ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከጣሪያው ሥር አስጠጋ። "ፈታሽ?" አለ። ፈታሁ። ጣሪያው ገና ሳይነካው ሽው ብሎ ወጣ። በበሩ አየሁት። እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ፣ ትከሻውን ለሌለ ነገር አዘጋጅቶ።

ቀስ ብሎ ቀና አለ። "ጥሩ ነው" አለና ወደ ቤት ገባ።

ጥሩ ነው... አለቀ። ድዌይን ኮፍያውን አስተካክሎ ሄደ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 15

እራት ላይ ነው የፈነዳው። መጀመሪያ ድንቹን ሲቆራርጥ፣ ሲቆራርጥ ቆየ፣ አልበላም።

"ብቻሽን መሆን የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ስልክ ላይ ያልሽውን ሰምቻለሁ። ለሰውየው። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ገና ትንፋሼ ሳይወጣ..."

"ሃርላን፣ አንተን ላሳርፍህ ብዬ እኮ ነው!"

"አሳረፍሽኝ። እጅ ነሣሁ። መንዳቱን ወሰድሽ፣ እንጨት መፍለጡን ድዌይን ወሰደ። አንዲት ጣሪያ ነበረችኝ። ለእኔ ምን ተውሽልኝ?"

"ጭንቅላትህን! እንዳይፈጠፈጥ!"

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? አላበቃሁም።

"ማንሣት እኮ አትችልም። ሁለታችንም እናውቃለን።"

ሹካውን አስቀመጠ። እጁ ሹካው ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ሳህኑ ተንጫጫ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

እውነት ነው የተናገርኩት። እውነት ስለሆነ ነው አጥንቱ ድረስ የገባው። ደግሞ እሱ ያለው ውሸት ነው? ያንን የጣሪያ ዘንግ ስገጥም፣ አንድ ቀን እሱ የሌለበትን ሐይቅ አላሰብኩም? አስቤያለሁ። ሞት ይርሳኝና አስቤያለሁ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 19

ከእሑድ ወዲህ "ጨው አቀብዪኝ" ብቻ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22

ልጃችን ሼልቢ ደወለች። "ዘንድሮ ሐይቁ አልወጣችሁም እንዴ እማዬ? የሐይቁ ጥድ ከመርገፉ በፊት ቢጫ ሲሆን ሳትወጡ አትቀሩም ነበር እኮ" አለች። አባትሽ ትንሽ ደክሞታል አልኳት። ስልኩን ለእሱ ስሰጠው "እናትሽ መሄድ ትችላለች፤ ማንሻ አላት" አላት። ሼልቢ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ምን ዓይነት አየር ነው የምናባክነው! ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ። "በሚመጣው ሳምንት እናያለን" ይለኛል። እኔም ኩራቴን ይዤ አልለመንኩትም። እሱ እስኪለምነኝ እጠብቃለሁ፣ እሱ እኔ እስክለምነው። ሁለት ያረጁ ግትሮች፣ አንድ ጣራ ሥር።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ዛሬ ጣሪያውን ከፍቼ ብርድ ልብሶቹን አስገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሲያየው ልቡ ይራራ ይሆናል ብዬ።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ኃይለኛ ነፋስ ይመጣል አለ። ላወርደው ገባሁ። ጠፍሩን ይዤ ጎተትኩ። ምንም። በሁለት እጄ፣ ምንም። አልጋው ጫፍ ላይ ወጥቼ ተንጠለጠልኩ። እግሬ መሬት ለቀቀ፤ ጣሪያው ግን ንቅንቅ የለም። ሰውየው "ሲበዛም እኮ" ያለው ይህንን ነበር! ያኔ ባስጨርሰው ኖሮ... ሸራው መርገብገብ ጀምሯል። ድዌይን የለም።

በሩ ላይ የሃርላን ከዘራ ሲያንኳኳ ሰማሁ።

"ምን እየሆንሽ ነው?"

"ተሰጥቼ እየደረቅሁ!"

ከታች እስከ ላይ አየኝ። ከዚያ ከሆዱ ሳቀ። ስንት ጊዜ ሆነው እንዲህ ከሳቀ? በቀስታ፣ አንድ እግሩን ከዚያ ሌላውን ደረጃዋ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከኋላዬ ወገቤን አቀፈና ክብደቱን ሁሉ ለቀቀብኝ።

"በይ ተቀመጪ በአየሩ ላይ። አንድ፣ ሁለት..."

ወረደ። ሁለታችንም አብረነው ወለሉ ላይ ዘፍ አልን። ጣሪያው አናታችንን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ እኛ ከሥሩ ተኝተን እንስቃለን።

"ብቻዬን ብለሽ ያዘዝሽው ይሄንን ነው?"

"ይሄንኑ።"

"አይ ሎርና..." አለና ፀጉሬ ውስጥ የገባ ክር አወጣልኝ። ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ አልቸኮልኩም።

"ይቅር በለኝ" አልኩት። "ያ እራት ላይ ያልኩት..."

"እውነትሽን ነው ያልሽው።"

"ቢሆንም።"

"ሐሙስ እንሂድ" አለ። "ጥዱ አሁን ነው ደንበኛ ወርቅ የሚሆነው።"

ደስ ብሎኝ እንደ ልጃገረድ ቂጣ እየጋገርኩ ዘፈንኩ። በማይረባ ድምፄ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

መጻፍ አልችልም። ሃርላን ወደቀ። የምግብ ሳጥኑን ካልያዝኩ ብሎ... "ይቺን እንኳ ልሸከም" አለኝ። ልቀማው ብል ይከፋዋል ብዬ ተውኩት። ከበረንዳው ደረጃ። አምቡላንሱ እየመጣ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

ሚዙላ ከተማ፣ ሆስፒታል። ዳሌውን በብረት አያይዘውታል። ሐኪሟ ደግ ናት፤ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ነው የነገረችን። ይራመዳል፣ በድጋፍ። ደረጃ ግን... ሃርላን የመኪናዋን ደረጃ ከፍታ በእጁ አሳያት። "ይቺን ያህል?" አላት። ራሷን ነቀነቀች። "ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንዲወጡ አልመክርም" አለች።

ሃርላን "ገባኝ" አለ። ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ደግሞ ማልቀሱን ያወቅሁበት እንዳይመስለው ጉንጩን አልነካሁም። ብነካውስ ኖሮ? አላውቅም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ድዌይን ትናንት ሐይቁን አይቶ መጣ። ዳር እስከ ዳር ወርቅ ነው አለ። ዛሬ ደግሞ ላይ ሐይቁ ጋ በረዶ ጥሏል፤ መንገዱን ሊዘጉት ነው ይላሉ። ቅጠሉም ይረግፋል።

ያቺን ያኮረፍንባትን ጊዜ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ያኔ መውጣት ይችል ነበር። ደረጃዋን ይወጣት ነበር! እራት ላይ አንዲት ቃል ብውጥ፣ ወይም በማግስቱ ሄጄ ትከሻውን ብይዘው፣ አሁን ቢያንስ ዘንድሮን በኖርናት። በሽታውን እኔ አላመጣሁትም። ዳሌውንም አልሰበርኩም። ያቺን መስከረም ግን እኔ ነኝ የሰረቅሁት፣ ከእሱም ከራሴም። እሱም ረድቶኛል፣ ግን እኔ መጀመር እችል ነበር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

ሃርላን ቤት ገባ። አልጋውን ሳሎን አደረግነው፣ ፒክአፑ በሚታይበት መስኮት በኩል። ሌላ ቦታ እናድርገው ብል እሱ አልፈለገም።

ፒክአፑ ላይ ያለችውን ቤት እንሽጣት አልኩት። ማየቱ የሚያመው መስሎኝ።

"ማንን ጠይቀሽ?"

"ማን ይወጣባታል እንግዲህ?"

"አንቺ።"

"አንተ የሌለህበት ምን ልሠራ?"

"ዓሣ ልታጠምጂ። ኧረ ዓሣ ማጥመዱንስ ተዪው፣ አታውቂበትም። ቁጭ ብለሽ ልታዪ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ሆስፒታል ተኝቼ ሳስብ ነበር። ያንን ጠንካራውን ፍቺና መልሺላቸው። መካከለኛውን አስመጪ። ማንሣት ብቻ አይደለም፣ ማውረድም አለብሽ።"

"ሃርላን..."

"ሸራውን ደግሞ ማን ወደ ውስጥ ያስገባልሻል? አንቺ ውስጥ ሆነሽ ስትጎትቺ ወደ ውጭ ይነፋና ጣሪያው ይነክሰዋል። ስለዚህ ላስቲክ ገመድ ውሰጂና በሸራው ወገብ ዙሪያ እሰሪው። ራሱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አየሽ? አገኘሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር።"

ያ ኩሩ ሰውዬ፣ ጣሪያዬን ወሰድሽብኝ ብሎ ያኮረፈው... አልጋ ላይ ተኝቶ እኔ ብቻዬን የምሆንበትን መንገድ ሲፈልግ አደረ። ማድቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እንዳይሰማኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

መካከለኞቹን ገጠምኳቸው። ሃርላን በረንዳው ላይ፣ የአደን ኮፍያውን ደፍቶ፣ ብርድ ልብስ እግሩ ላይ። ድዌይን ሊረዳኝ አጥሩን ሊሻገር ሲል ሃርላን ጮኸበት።

"አንተ ሰውዬ፣ እዚያው! እጅህን እንዳታስገባ!"

"እሺ አለቃ! ማየት ብቻ!"

መያዣዎቹን ፈታሁ። ገባሁ። ገፋሁት፤ ትንሽ ተግደረደረና ተነሣ። ክብደቱ ይሰማል፣ ግን ይቻላል።

"አሁን አውርጂ! በሩን ክፍት አድርጊው፣ አየሩ ይውጣበት!"

ላስቲኩን በሸራው ዙሪያ አስሬ ጎተትኩ። ወረደ። ሸራው እንዳለው ራሱን ወደ ውስጥ አጠፈ። ከፊት በኩል ትንሽ ተነክሷል።

"እንደገና!" አለ።

"በርዶሃል እኮ።"

"እንደገና አልኩሽ!"

እንደገና። ከዚያም እንደገና። ሲመሽ መያዣዎቹን ሁሉ ዘግቼ ዞሬ አየሁት። አገጩ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ግን ከእኔ ላይ አልተነቀለም።

"አንድም አልተነከሰም?"

"አንድም።"

"በቃ። ችለሽዋል" አለ። "በይ አስገቢኝ፣ እግሬ ደንዝዟል።"

አስገባሁት፤ ሾርባ ሰጠሁት፤ በግማሹ ተኛ። ካቻቢቴውንና የድሮ ዘንጎቹን ልሰበስብ ተመልሼ ወጣሁ። ግቢው ጸጥ ብሏል። ፒክአፑ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፣ ብርዱ በልብሴ እየገባ።

ብቻዬን ቻልኩት። ምነው ባቃተኝ።